የሶስናን ሹክሹክታ ተረጎምኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። አሁን በአማርኛ መጻፍ እንደምችል ስላወቅሁ እጽፈዋለሁ። መጻፍ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ በትምህርት ቤት ጉዞ ከዳላስ ጃፓን ሄድን። ከልጆቹ መሀል አበሾች እኔና ጓደኛዬ ሶስና ብቻ ነበርን። አንድ ቀን ተራራ ላይ፣ ጫካ ውስጥ ወዳለ ጥንታዊ የሺንቶ፣ የጃፓኖች ባህላዊ እምነት፣ መቅደስ ወጣን። ደረጃውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ወርሶታል፤ ከዛፎቹ ርዝመት የተነሳ በቀትር ይጨልማል። አስጎብኚዋ ሁለቴ ጎንበስ በሉ፣ ሁለቴ አጨብጭቡ፣ ከዚያ በልባችሁ ለምኑ አለችን።

ሶስና ግን በልብ መጸለይ አታውቅም፤ እነሱ ቤት የሚጸለየው በከንፈር ነው። እዚህ ማን አማርኛ ይሰማል ብላ አንሾካሾከች፦ «ጌታዬ፣ እዚህ ካለህ አባዬ መጠጡን እንዲተው አድርግልኝ። ከሌለህም እዚህ በመምጣቴ ይቅር በለኝ።»

እኔ ሰማሁ። እኔ ብቻ ሰማሁ። ልጆቹ «ምን አለች?» ሲሉኝ፣ «እኔ እንጃ» ብል ምን ነበረበት? ተረጎምኩት። ድምጿን አስመስዬ፣ አሳምሬ ተረጎምኩት። ሳቁ። ያን ያህል ሰው ስቆልኝ አያውቅም ነበር። ሶስና ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስር ነበር፤ ቀና አላለችም።

ስንመለስ ኤርፖርት የጠበቁን አባቷ ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ እኔንም ኧርቪንግ ከተማ ያለው ቤታችን ሊያደርሱኝ። ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ምንም ሳይቀምሱ። አንዱ ልጅ ሻንጣውን እየጎተተ ሲያልፍ፣ «ሶስና፣ ጸሎትሽ ሠራ እንዴ? አባትሽ ዛሬ አልሰከረም!» አላት በእንግሊዝኛ። ጋሽ ታደሰ እንግሊዝኛ ይገባቸዋል።

መኪናውን አስነስተው ሀይዌይ ገባን። ከዚያ፣ «ገመናዬን ለፈረንጅ አወጣሽው፣ ሶስዬ?» አሉ። ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ ጋሼ» ማለት ስንት ቃል ነው? ሶስና ከፊት ወንበር በመኪናው መስታወት አየችኝ። ጠበቀችኝ። እኔ ስልኬን አየሁ። እሷም «እሷ ናት» አላለችም። ቤቴ ሲያወርዱኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ማለቴ፣ ለዚያ አፍ ነበረኝ።

እናቷ ለእናቴ እንደነገሯት፣ ጋሽ ታደሰ መጠጡን አልተዉም። የተዉት ከልጃቸው ጋር ማውራቱን ነው። በኋላ ቤተሰቡ ዋይሊ ወደምትባል ሌላ ከተማ ተዛወረ። ሶስና ቴክስት ሳደርግላት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ አማርኛ ከእኔ ጋር አቁማለች።

ልጅ ነበርኩ ብል ውሸት ነው። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን ጽፌ ስጨርስ እንዴት እንደሚያምር ልስማው ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጸሎቷ ጋ ስደርስ፣ ሳላውቀው፣ ድምጿን አስመስዬ ነበር።