ፎቅ ላይ ምን ድንበር አለ

ዳንግላ የነበረንን የጭቃ ቤት ስንገዛ ድንበርተኞቹ ሁሉ ተጠርተው፣ ጠላ ቀርቦላቸው፣ ወሰኑ ላይ ቆመው መስክረውልን ነበር። እንጅባራ ኮንዶሚኒየም ስንገዛም ጎረቤቶቹ እንዲጠሩ ብጠይቅ ባለቤቴ ሳቀብኝ።

«ፎቅ ላይ ምን ድንበር አለ? ከሰማይ ጋር ልንካለል ነው?»

ቧንቧውን ከፍቶ አየ፤ ግድግዳውን በጡጫው መታ መታ አደረገ፤ ካርታውን አስመረመረ። የጎረቤት በር ግን አላንኳኳንም።

ከሕንፃው ጓሮ ለነዋሪው ሁሉ የተሠራ የእርድ ቤት ነበር። ከበላያችን የሚኖረው ሰውዬ ከሰሉን አጭቆበት ቆልፎታል። ለፋሲካ ባለቤቴ በጉን እየጎተተ ወርዶ ቁልፉን በድንጋይ ሰበረው። ሰውዬው መጥረቢያ ይዞ መጣ።

«ማነህ አንተ፣ ትናንት መጥተህ ቁልፌን የምትሰብር?»

«ቤቱ የጋራ ነው፣ ጋሼ። ካሻዎት ቆዳውን ይውሰዱ» አለው እየሳቀ።

ሰውዬው በመጥረቢያው ጀርባ ጆሮ ግንዱን መታው። ሲወድቅ ደገመው። እጁ ላይ ተንጠልጥዬ ስነክሰው በክርኑ አፌን አደማው። ባለቤቴ ሆስፒታል ሳንደርስ ባጃጅ ውስጥ፣ እቅፌ ላይ ሞተ።

ከቀብር ስመለስ የጎን ጎረቤቴ እጄን እያስታጠበችኝ አለቀሰች።

«ይኸው ሰውዬ የሸጠላችሁንም ሰው ክንዱን ሰብሮታል። ቤቱን የሸጠው ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳንገዛው አልነገርሽን?»

«ልታዩት የመጣችሁ ዕለት በሬ ላይ ቆሜ ነበር» አለች። «ሰላም ብላችሁኝ አለፋችሁ።»