ኖጋ ደወሉን ያገኘች ዕለት

ዓርብ ንጋት፣ ፔታ ቲክቫ

ሰማዩ ሳይቀላ ወጣን። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄ ኖጋ ከብስክሌቱ መሪ ኋላ በተገጠመች ትንሽ ወንበር ላይ፣ ከፊቴ ተቀምጣለች። ካስዳዋን፣ የብስክሌት መከላከያ ቆቧን፣ ራሷ ላይ ደፍቼ፣ በማሰሪያውና በአገጯ መካከል አንድ ጣቴ ብቻ እስኪገባ አጠበቅሁት። የምንሄደው ጎረቤት ከተማ ሮሽ ሃዓይን፣ አክስቴ ቤት ነው። እናቴ በአውቶቡስ ትመጣለች።

«ልጅ በጀርባ ይታዘላል እንጂ ብረት ላይ ይሰቀላል?» አለችኝ ደጃፍ ላይ። «ከአውቶቡሱ ቀድመህ ከደረስህ፣ ከእንግዲህ ካንተ ጋር ትሂድ። ካልደረስህ ወንበሩን ትፈታዋለህ።»

«በሰደር፣ እሺ» አልኋት። አውቶቡስ በየፌርማታው ይቆማል፤ እኔ አልቆምም።

ጧት፣ ገበያው አጠገብ

ትኩስ ዳቦ ይሸታል። የቲማቲም ሣጥን ከመኪና ይወርዳል። ኖጋ የመሪውን ደወል አገኘችው። ቅሊንግ! ርግቦች ተነሡ። ቅሊንግ! ድመት ሸሸች። ሦስተኛው የተደወለው ግን ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ጀርባ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ በሽማግሌ ላይ ደውሎ ማለፍ የለም። ወርጄ ጎንበስ አልሁ።

«በግ መሰልሁህ፣ መንገድ ልቀቅ የምትለኝ?»

«ይቅርታ አባባ፣ እሷ ናት የደወለች።»

«ደግሞ በልጅ ታሳብባለህ! የማን ልጅ ነህ?»

እናቴን፣ አያቴን፣ የመጣንበትን መንደር ተናገርሁ። ኖጋን ግንባሯን ስመው መረቋት።

ትንሽ ቆይቶ፣ ከተማው መውጫ

ቅሊንግ! አሁን ደግሞ ፌርማታ ላይ የቆሙ እማማ ናቸው። እንደገና ወረድሁ፤ እንደገና የዘር ቆጠራ። አያቴን ያውቋቸዋል፤ ስለዚህ አጭር አልሆነም። ወሬው ሳያልቅ አውቶቡሱ መጣ። ከረጢታቸውን አንሥቼ አሳፈርኋቸው። ከኋላው መስኮት የእናቴ ፊት ብቅ አለ።

«ያላ፣ ፍጠን!» አለችኝ እየሳቀች። አውቶቡሱ ሄደ።

ሮሽ ሃዓይን

እናቴ አክስቴ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ኖጋ ስታያት፣ ቅሊንግ! ወርጄ ጎንበስ አልሁ።

«ጭራሽ በእኔም!»

የብሎን መፍቻ ከኪሴ አወጣሁ። ቃል ቃል ነው። የመጀመሪያውን ብሎን ስነካ እጄን ያዘችው።

«ያሳፈርሃቸው ሴትዮ አጠገቤ ነው የተቀመጡት። እስኪወርዱ ድረስ ስላንተ ነው ያወሩኝ። ‹ልጅ ይዞ፣ ከብስክሌት ወርዶ ሰላም የሚል አየሁ› አሉኝ። ወንበሩ ይቆይ።» ቀጥላ ጣቷን ቀሰረች፤ «ደወሉን ግን ፍታው።»

ኖጋ ደወሉን በሁለት መዳፏ ሸፈነችው። እናቴ ትንሽ አየቻት። ከዚያ መዳፎቿን ቀስ ብላ ገለጥ አደረገችና፣

«እስኪ መጀመሪያ ልስማው» አለች።

እናቴ ራሷ ሁለቴ ደወለችው።