ሽምግልና በወንበር ጠራቢ ቤት

ንጋት፣ ጭሮ

ሚኒባሳችን ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰን ከኋላ ተጠጋግተናል። ድሬዳዋ የምንወርደው ለእህቴ ልጅ ለዮናስ ሰላም የምትባለውን ልጅ ልንጠይቅ ነው። ልጅቷ ወዳዋለች፤ አባቷ አቶ ታደሰ ግን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል። ሦስተኛው ከከሸፈ ሌላ የለም። ዮናስ ሲሸኘን ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ረፋድ፣ ደንገጎ

ቁልቢ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ደግሞ ላብ በላብ ሆንን።

"አቦ፣ ጋቢህን አውልቅ እንጂ፣ ልትቀልጥ ነው የመጣኸው?" አለኝ የድሬው ልጅ ሹፌራችን አብዲ። ኮስተር አልኩ። "ድሬ ትልቁም ትንሹም 'አንተ' ነው የሚባለው፣ ክፉ እንዳይመስልህ። ማን ጋ ናችሁ?"

ነገርነው።

"አናጢው ታደሰ? ወላሂ፣ እጁ የተባረከ ነው" ብሎ ለብቻው ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አልነገረንም።

እኩለ ቀን፣ ድሬዳዋ ከዚራ

አቶ ታደሰ ሳሎን ስንገባ አፋችንን ከፍተን ቀረን። የአንዱ ወንበር መደገፊያ የግመል አንገት ነው። የሌላው እግሮች ሊዘል ያለ ፍየል። ከወይራ የተጠረበው ወንበር ደግሞ ልጅ ያዘለች ሴት ናት፤ የነጠላዋ እጥፋት እንኳ አልቀረም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ የእንጨት ሥራ አላየሁም።

"ልጅዎን ካልፈቀዱልን አንቀመጥም" አልን እንደ ደንቡ። ሽማግሌ አቁሞ ማዋል ነውር ስለሆነ በዚህ የማይረታ አባት የለም።

"እሰይ፣ ቁሙ" አሉ አቶ ታደሰ ፈገግ ብለው። "እነዚህ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም።"

ለካ የቀደሙት ሽማግሌዎች የተመለሱት እግራቸው ዝሎ ነው! ውሃውንም ቆመን ጠጣን።

"ለመሆኑ ልጁ ምን ጎደለው?" አልኩ ግድግዳውን ደገፍ ብዬ።

"እሱማ ምንም። ግን አንድ ሥራ ስጨርስ 'አባዬ፣ አንገቱ ወፈረ' የምትለኝ እሷ ናት። ከሄደች ማን ያይልኛል?"

አሳዘኑኝ። ቢሆንም የዮናስ ፊት ትዝ አለኝ።

"እንግዲያው ካልፈቀዱልን እንቀመጣለን" አልኩና ጋቢዬን ሰብስቤ ወደ ወይራዋ ሴት ዝቅ አልኩ። ከሦስታችን ወፍራሙ እኔ ነኝ።

"ኧረ በእግዚአብሔር!" ክንዴን ያዙኝ። "ሰጥቻለሁ።"

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ እልልታ ተሰማ። ግን የተፈቀደለት ሽማግሌ ደግሞ የግድ ይቀመጣል፤ ይህም ደንብ ነው። አቶ ታደሰ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ዐይናቸውን ጨፍነው "ተቀመጡ" አሉ። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሲጥ እንኳ አላለም።

ሰላም መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

"አየህ አባዬ፣ አልተሰበረም።"

ዐይናቸውን ገለጡ። ወንበሩን አላዩም፤ እሷን ነበር የሚያዩት።