ፋይሉ ከጀርባህ ነው

አንዲት ሴትዮ አለች፤ ከቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ውሃ አቋርጣ ስለምትመጣ፣ ወረታ የጡረታ ቢሮ በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የላስቲክ ጫማዋን ታጥባለች። የሟች ባሏን የሥራ ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ትይዛለች። ደብዳቤው ላይ ያለው ፎቶ የጎረምሳ ነው፤ ስታወጣው ሁሌ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። ስሟን አላውቅም፤ ከወረፋው ፊት ግን አትታጣም።

ቢሮው የባለጉዳይን ጥያቄ የመመለሱን ሥራ ለአንድ ድርጅት በኮንትራት ከሰጠ ወዲህ ጸሐፊው በመስኮቱ የሚለን «በስልክ ይጠይቁ» ብቻ ነው። ስልኩን የምታነሣው ደግሞ ፋይላችንን አይታ የማታውቅ የሩቅ ከተማ ልጅ ናት። አንድ ሰኞ ሴትዮዋ እዚያው መስኮቱ ሥር ቆማ ደወለች። ልጅቱ የቤት ቁጥር ጠየቀቻት።

«የምን ቁጥር? ቤቴ ከሩዝ ማሳው ማዶ ነው» አለችና ስልኩን በመስኮቱ ለጸሐፊው አቀበለችው። «በል እናንተው ተነጋገሩ። ፋይሉ እንደሁ ከጀርባህ መደርደሪያው ላይ ነው።»

እኛ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም። በሳምንቱ «ስለ ፋይላችን የሚመልስልን ፋይሉን የያዘው ቢሮ ይሁን» የሚል አቤቱታ አስጽፋ መጣች። የሳቅነውን ሁሉ አስፈረመችን።

ዛሬ በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አነበብኩላት፤ ድርጅቱ ከእንግዲህ በስልክ የሚናገረው የሥራ ሰዓትን ብቻ ነው፤ ስለ ፋይል ቢሮው ራሱ ይመልሳል።

«እስቲ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት። ፈገግ እንኳ አላለችም። ፌስታሉን ፈትታ ደብዳቤውን መስኮቱ ላይ ዘረጋችና ጸሐፊውን ትኩር ብላ አየችው።

«በል እንግዲህ ተነሣ» አለችው። «ሦስት እርምጃ ነው።»