መንገድ ያጠበው ሸሚዝ

ሙላቷ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሠላሳውን የኖረችው ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በሰው ልብስ ላይ ጎንበስ ብላ ነው። የመምህሩን ኮሌታ፣ የዳኛውን እጅጌ፣ የተማሪውን ካልሲ ባለቤቱ ሳይነገራት ትለያለች። ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ጥሩንባ ሲሰማ እጇ ሳሙናው ላይ ይዘገያል፤ ድምጿ ግን ከፍ ይላል፦

ስንቱን ሸሚዝ አጠብሁ፣ ስንቱን ነጠላ፤
አገር መቼ አየሁ ከማርቆስ ሌላ።

ይህን ነው ወለላ ከአጥሩ ማዶ ቆማ የሰማችው። ወለላ በየሠርጉና በየበዓሉ እየዞረ የሚጨፍር የባህል ቡድን መሪ ናት። ቡድኑ አሮጌ አውቶቡስ አለው፤ ከኋላ ወንበሮቹን ነቅለው አልጋ ደርድረውበታል፤ ይበሉበታል፣ ይተኙበታል።

«እትዬ ሙላቷ፣ ልብሳችንን የሚይዝልን ሰው አጥተናል። ጣና ድረስ እንሄዳለን» አለቻት።

ጣና! ሙላቷ የመዘፍዘፊያውን ውሃ እንኳ ሳትደፋ ነው እሺ ያለችው።

ግን ቤቱ ራሱ ሲሄድ ልብስ የት ይታጠባል? ዛሬ ጉንደ ወይን ሠርግ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ከተማ በዓል። ውሃ ባለበት ጊዜ የለም፣ ጊዜ ባለበት ውሃ የለም። የስምንት ጨፋሪ በላብ የራሰ ነጭ ሸሚዝና ቀሚስ በወለቀ ቁጥር ሙላቷ ጆንያ ውስጥ እያጨቀች አልጋዋ ሥር ትሸጉጠዋለች። እርጥቡ ደረቁን አበላሸው። በሁለተኛው ሳምንት ጆንያው ለቦታ ሳይከፍል የተሳፈረ፣ ሽታው ከሁሉም በላይ የሚያወራ ሌላ ሰው ሆነ።

ሮብ ገበያ ከተማ ላይ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት ጠዋት፣ ሾፌሩ አበረ መስኮቱን ሁሉ በርግዶ ከፈተ።

«እትዬ ሙላቷ፣ አይቀየሙኝ። በዚህ ሽታ መሪ መያዝ አልቻልኩም። ወደ ጣና ለማለፍ ማርቆስ ስንደርስ ዕቃዎን ይዘው ቢወርዱ ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ላውንድሪ ቤት እየሰጠን እንሄዳለን።»

ሙላቷ ወለላን አየቻት። ወለላ አቀረቀረች።

ማርቆስ ደግሞ ቅርብ ነው። ከማርቆስ ወዲያ ደምበጫ አለ፣ ከደምበጫ ወዲያ ያ ሰማይ የተኛበት የሚሉት ውሃ፣ ጣና። ሙላቷ ዕንባዋን ልትደብቅ ወደ ጓሮ ዞር አለች። እዚያ ያደሩበት ግቢ እመቤት ቅሏን ከምሰሶ አንጠልጥላ ወተት ትንጣለች። ወዲህ፣ ወዲያ። ወዲህ፣ ወዲያ። ሙላቷ ቅሉን አየች። አውቶቡሱን አየች። እንደገና ቅሉን አየች። ልቧ እንደ ኮረዳ ልብ ዘለለ!

«አማረ! ና ይህን በርሜል አሸክመኝ!»

አማረ የቡድኑ ከበሮ መቺ ነው፤ አፉም እንደ ከበሮው ነው። ውሃ የሚያመላልሱበትን ባለ ክዳን የፕላስቲክ በርሜል ከኋላ አልጋዎቹ መካከል አቆመላት። ነጭ ነጩን ለይታ ከተተች፣ የተወቀጠ እንዶድ በተነች፣ ውሃውን እስከ አፉ ሞላች፣ ክዳኑን ጠረቀመች፣ በገመድ ከአልጋው እግር ጋር ጠፈረችው።

«እትዬ፣ ከሸሚዛችን ቅቤ ሊያወጡ ነው?»

«ዝም በል፤ ቅቤው ከወጣ አናትህን እቀባሃለሁ!»

አውቶቡሱ ተነሣ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ሰው ይዘላል፣ ድስት ይዘላል። ሙላቷ ጆሮዋን በርሜሉ ላይ ለጠፈች። ጭጭ። አንድ ቁልቁለት ወረዱ፤ አሁንም ጭጭ። በርሜሉ እንደ ድንጋይ ተገትሯል። ያኔ የእናቷ እጅ ትዝ አላት፤ ቅሉን ሞልታ አታውቅም፤ ወተቱ የሚላጋበት ቦታ ትተውለት ነበር። እሷ ግን በደስታ ሰክራ እንደ መዘፍዘፊያ ሞላችው!

«አበረ፣ በማርያም አቁምልኝ!»

«ገና ሳንጀምር?»

«አንዴ ብቻ፣ ልጄ። ከዚያ በኋላ ይውረዱ ብትለኝ አልከራከርህም።»

አበረ እያጉረመረመ አቆመ። ሲሶውን ውሃ ደፋች፣ ዘጋች። መኪናው ሲነቃነቅ ከበርሜሉ ሆድ ድምፅ ወጣ፦ ቦጭ! ቦጭ-ቦጭ! ቦጭ!

«ተናጠ!» አለች ሙላቷ፤ ጮኸች ቢባል ይሻላል።

አማረ ጆሮውን አቀና፣ ከበሮውን ሳበ፣ ምቱን ያዘው። ሴቶቹ አጨበጨቡ። አውቶቡሱ በእስክስታ ተናወጠ። ቅል ሲናጥ እንደሚደረገው በየመሐሉ ማስተንፈስ አለባትና ክዳኑን ላላ ስታደርገው አረፋው ቡልቅ ብሎ የአማረን ፊት ከነጢሙ ለበጠው።

«አሁን ገና ንጹሕ ሆንክ!» አለችው ወለላ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ነገሩ ለአበረም ተጋባ። ዕድሜ ልኩን ጉድጓድ ሲሸሽ የኖረ ሾፌር አሁን ጉድጓድ ፍለጋ መሪውን ይጠመዝዛል። «እትዬ፣ ከፊት አንድ ደህና አለች፣ ልግባባት?»

«ግባባት! ኮሌታው በእሷ ነው የሚለቀው!»

ማርቆስ መግቢያ ላይ፣ ከመንገድ ዳር ምንጭ አጠገብ ቆሙ። ሙላቷ ክዳኑን ፈታች። የወጣው ውሃ የክረምት ጎርፍ ይመስላል። የመጀመሪያውን ሸሚዝ አለቀለቀች፣ ጨመቀች፣ ወደ ፀሐይ ዘረጋች። ወለላ ቀርባ ብብቱን አሸተተች፣ እንደገና አሸተተች፣ ከዚያ ሸሚዙን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው። አበረ ከመሣሪያ ሣጥኑ ገመድ አውጥቶ ከፊት መቀመጫ እስከ ኋላ አልጋ ወጠረና መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተ፤ አሁን ግን ለነፋሱ ብሎ ነው።

ከተማውን ያቋረጡት እርጥብ ሸሚዝ እንደ ባንዲራ እያውለበለቡ ነው። የሙላቷ መንደር መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አበረ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየና እንደ ከተማ ረዳት ጮኸ፦

«ወራጅ አለ?»

ሙላቷ በሸሚዞቹ መካከል አንገቷን ብቅ አደረገች። የሠላሳ ዓመት አጥሯን አየችው፤ በመስኮቱ አለፈ።

«የለም!» አለች። «ንዳው!»

ከማርቆስ ወዲያ አስፋልቱ ለጥ ብሎ ተቀበላቸው። ቀለም ያላቸው ልብሶች ተራቸውን የያዙበት በርሜል ድምፁ ጠፋ።

«እትዬ፣ እንግዲህ ምን ይበጀናል?» አለ አበረ ቅር ብሎት። «እዚህ እኮ አንድም ጉድጓድ የለም።»

«ደምበጫ እንድረስ እንጂ፣ የገጠር መንገድ አይጠፋም» አለችው፤ ዓይኗን ግን አይታው ከማታውቀው ሜዳ ላይ አላነሣችም።