የአራጌ ጌም ቤት ዘጠኝ ቁጥር

አራጌ ለመወሰን የተፈጠረ ሰው አይደለም። ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ቤቱ ጆተኒ ሲያጫውት አገሩ ሁሉ ወደ ፕሌይስቴሽን ዞሮ አለቀ፤ እሱ ግን የጆተኒውን ብረት በዘይት እየወለወለ "ትንሽ እንየው" ሲል ከረመ። ፕሌይስቴሽን የገዛው ሌላው ሰው ኮምፒዩተር ካስገባ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩን ያስገባው ደግሞ ሚስቱ በላይነሽ ጆተኒውን ለአንድ የጎብዬ ሰው ሸጣ ከቤት ስታስወጣበት ነው። እሷን ለማግባት ስንት ዓመት እንዳሰበ አልነገረችንም እንጂ በዋዛ የተገኘች አትመስለኝም።

በሁለት ሺህ ስድስት ክረምት ሌላ ጣጣ መጣበት። መስከረም ላይ አዲስ የኳስ ጌም ይወጣል ተባለ። የተጫዋቾቹ ላብ ሳይቀር ይታያል፣ ዝናብ ሲጥል ሜዳው ይጨቀያል እያሉ ልጆቹ ሳያዩት አበዱለት። ታደሰ የሚባለው የወልድያ ጠጋኝ የኮምፒዩተሩን ሆድ ዕቃ ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ አይችለውም" አለ። "ግራፊክስ ካርዱም ራሙም መቀየር አለበት። ከዚያ ሙልጭ አድርጌ ፎርማት አደርግልሃለሁ።"

"ትንሽ እንየው" አለ አራጌ።

ሮቢት ያለው ጌም ቤት ማሽኑን ቀድሞ አስቀይሯል። ልጆቹም "ሚኒባስ ተሳፍረን ሮቢት እንጫወታለን እንጂ እዚህ አናረጅም" እያሉ በየቀኑ ይነዘንዙታል። አራጌ ምክንያት አላጣም። የቆላው ሙቀት አዲሱን ዕቃ ያቃጥለዋል ይላል። አቧራው አለ፣ መብራቱ አለ፣ ደግሞ የታደሰ ዓይን አላማረውም። እውነተኛውን ምክንያት ግን ለበላይነሽም አልነገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው ጌም ላይ ልጆቹ ሆርማት ብለው በወንዛቸው ስም የጠሩት ቡድን አላቸው። ከተጫዋቾቹ ስም ላይ የፈረንጁን አጥፍቶ የቆቦን ልጆች ያስገባው የጎረቤቱ የመይሙና ልጅ ኸይረዲን ነው። አራጌን በረኛ አደረገው፤ "ልውጣ ልቅር ሲል ኳሱ መረብ ውስጥ ነው" ብሎ አሳቀበት። ራሱን ዘጠኝ ቁጥር አደረገና ፍጥነቱን እስከ ጥግ ሰቀለው። በእውነተኛው ሜዳ ኸይረዲን ሮጠ ብሎ የሚመሰክር ሰው የለም። ቡድኑን ሠርቶ ብዙም ሳይቆይ እንደ ብዙዎቹ የራያ ልጆች በአፋር በረሃ በኩል ለሳዑዲ ወጣ። አንዴ ከጅቡቲው ወደብ ከኦቦክ ደውሎ "ለጀልባው ገንዘብ እስኪሞላልኝ ጭነት እየተሸከምኩ ነው" ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

መይሙና ልብስ ሰፊ ናት። የእሷን ሱቅ ከጌም ቤቱ የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው፤ ሳል እንኳ ያሳልፋል። ልጆቹ በሆርማት ሲጫወቱ ዘጠኝ ቁጥር ጎል ካስቆጠረ "ኸይሩ! ኸይሩ አገባ!" ብለው እየሳቁ ቤቱን ያናጉታል። ያኔ ከማዶ ያለው የስፌት መኪና ቀጥ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ይቀጥላል። ልጆቹ በጩኸታቸው መሃል ይህን አይሰሙም። አራጌ ግን ይሰማል። አዲሱ ጌም የድሮውን ቡድን አይቀበልም፤ እናትየዋም የልጇን ስም በየቀኑ የሚጠራላት ሰው አይኖራትም። አራጌን ያዘው ይኸው ነው።

በመጨረሻ ልጆቹ እውነትም መቅረት ሲጀምሩ ለታደሰ ደውሎ ዕቃውን እንዲያስመጣ ነገረው። ታደሰም አንድ ሐሙስ "ደርሷል፤ ነገ መጥቼ እገጥመዋለሁ" አለው። አራጌ ስልኩን ሳያስቀምጥ ዘይኑዲን ገባ።

ዘይኑዲን ባጃጅ ነጂ ነው፣ የኸይረዲን አብሮ አደግ። ባጃጁን ሞተሩን ሳያጠፋ መንገድ ላይ ትቶ ነው የመጣው። አራጌን ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮ ጎተተው።

"ጀልባዋ ተገልብጣለች" አለው በሹክሹክታ። "አብሮት የነበረ የአላማጣ ልጅ ነው የደወለልኝ። ሬሳውን ባሕሩ አውጥቶት በእጁ ቀብሮታል። ወላሂ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት አለኝ።"

አራጌ የውሃ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለ። ከማዶ የስፌት መኪናው እየሠራ ነው፤ የሆነች ሙሽራ ቀሚስ ይሰፋበታል።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መስጊዱ ጀርባ ተገናኙ። መርዶው የመይሙና ሴት ልጅ ሱዓድ ከደሴ ከገባች በኋላ፣ እሑድ ንጋት ላይ ይነገር ተባለ። እስከዚያ ማንም ፊቱን እንዳያጠቁር። አራጌ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ድንጋጤው ሌላ ድንጋጤ ወለደበት። ነገ ታደሰ ማሽኑን ከፈታ ስሙ ከዚያ ቤት ይጠፋል። ስሙ ከጠፋ መይሙና ታውቃለች። መርዶ የያዘ ሰው የሟቹን ስም እየዘለለ እንደሚያወራ የማያውቅ ቆቦ ላይ የለም።

ለታደሰ ደወለ።

"አትምጣ።"

"ለነገ ነው ወይስ ጭራሽ?"

"አትምጣ አልኩህ።"

በዕድሜው እንዲህ ፈጥኖ ወስኖ አያውቅም።

ማታ ልጆቹን ሰበሰበ። ሁሉም ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። "እንደ ወትሮው በሆርማት ተጫወቱ" አላቸው። "ሲያገባም ጩኹ።"

"እንዴት አድርገን?" አለ ዘይኑዲን።

"እኔ እንጃ። ብቻ ጩኹ።"

ዘይኑዲን ጆይስቲኩን ያዘ። ኳሱን ለዘጠኝ ቁጥር እንዳይሰጥ ሲሸሽ ሲሸሽ ቆየ። ግን ፍጥነቱ እስከ ጥግ የተሰቀለ ተጫዋች በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ኳሷ እግሩ ሥር ገባች፣ ኸይረዲን ሁለት ተከላካይ ጥሎ ሄደ፣ አገባ። ስሙ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አራጌ ነው የጀመረው። "ኸይሩ! ኸይሩ አገባ!" ልጆቹም ተከተሉት፤ ከወትሮው አብልጠው ጮኹ። አንደኛው አፉን በክንዱ ሸፍኖ ወደ ውጭ ወጣ።

መኪናው ቀጥ አለ። ጠበቁ። አልቀጠለም።

"መግሪብ ደርሶ ነው" አለ ዘይኑዲን። "ልትሰግድ ሄዳ ነው።" አዛኑም እውነት ተሰምቶ ነበርና ሁሉም ይህን ማመን ወደዱ።

በማግስቱ አራጌ መይሙናን ሱቋን ከፍታ እንደ ወትሮው ስትሰፋ አገኛት።

"እንዴት አደርክ አራጌ?" አለችው ከመርፌው ዓይኗን ሳትነቅል። "ትናንት ማን አሸነፈ?"

እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም። "ሆርማት ነው፣ እትዬ መይሙና" አለ።

"ኸይሩ አገባ?"

"አገባ፣ እትዬ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና መኪናውን ረገጠች።

ቅዳሜ ማታ ሱዓድ ገባች። እሑድ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ተነሡ፤ አራጌና ዘይኑዲንም ከኋላ ተከተሉ። በሩን ለማንኳኳት እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ክፍት ነው። ውስጥ ሰሌኑ ሁሉ ተነጥፏል፤ የጎረቤት ሰሌን ሳይቀር ተውሳ አንጥፋለች። መይሙና ሱዓድን አቅፋ መሃል ላይ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ፊቷ አብጦ ድምፅ አልቀራትም። መርዶ ነጋሪዎቹ ደጃፉ ላይ ድርቅ ብለው ቀሩ።

"ግቡ" አለች መይሙና። "በር ላይ አትቁሙ።"

"መይሙና፣ አብሽሪ" አሉ መርዶውን ሊናገሩ የመጡት ሸህ። "ማን ነገረሽ?"

ወደ አራጌ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም። "ሐሙስ ማታ ነው ያወቅኩት። ስሙን ስትጠሩት ሳቅ አልነበረበትም" አለችው። "ልጮኽ አልኩና ሱዓድ ትዝ አለችኝ። ሰፈሩ በጩኸቴ ከሰማ ስልክ ይዞ እሷ ዘንድ ይሮጣል፤ ከደሴ ስትመጣ ብቻዋን አውቶቡስ ውስጥ ልትሰማው ነው። ለእሷ ብዬ ቻልኩት።"

አራጌ ያን አርብ ጠዋት አስታወሰ። ለካ እሱ ሲደብቃት እሷም ስትደብቀው ነበር። ሰሌኑ ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ መይሙና ከሱቋ ደጃፍ ጠራችው።

"አራጌ፣ ያን ማሽን ቀይረው። ልጆቹ በእኔ የተነሳ ሮቢት አይንከራተቱ። ክረምቱን ሙሉ ስትጨቃጨቁ ስሰማ ነው የባጀሁት።"

"ስሙስ፣ እትዬ?"

"ስሙን እኔ እጠራዋለሁ።"

ታደሰ መጥቶ ካርዱን ገጠመ፣ ፎርማት አደረገ። አዲሱ ጌም ገባ። እንደተባለው የተጫዋቾቹ ላብ ይታያል፤ ሜዳውም ይጨቀያል። ጎል ሲገባ ልጆቹ የፈረንጅ ስም እየጠሩ ቤቱን ያናጉታል። ከማዶ ያለው መኪና አይቆምም።