እግሩን ሲያነሳ የምታፏጨው መኪና

ይህ ነገር የሆነው ዲላ ላይ ባጃጅ ከእግረኛ መብዛት በጀመረበት ሰሞን ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ገበያው አጠገብ ካለች አንዲት በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዛሬም መኪና ተንፍሶ ባለፈ ቁጥር እግሬ መርገጫው ላይ ቀጥ ይላል፤ ያ ነገር ይመጣብኛል። ሳስታውሰው ሐዘን አይደለም የሚሰማኝ፣ ንቀት ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው መናቅ እንደማይገባ አውቃለሁ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ግን ይኸው ነው።

በረከት የሟች ጓደኛዬ ልጅ ነው። አባቱ ቡና ነጋዴ ነበር፤ ሲሞት ሱቁንና መልካም ስሙን ትቶለት ሄደ። ልጁም ብዙ ሳይቆይ አንዲት ቱርቦ ያላት ትንሽ የጃፓን መኪና አመጣ። ጎማዋን አሰፋ፣ ወገቧን ዝቅ አደረገ፣ ጭስ ማውጫዋን አስለወጠ። የዲላ ጉድጓድ ዝቅ ያለ መኪና እንደማይወድ እያወቀ።

ቱርቦ የሚሉት ነገር፣ እኔ እንደገባኝ፣ አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያጎርስ ነው። ነጂው እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ያ የተጨመቀ አየር መውጫ ይፈልጋል። ሠሪዎቹ ለዚህ ብለው አንዲት ቫልቭ አድርገውላታል፤ አየሩን ድምፅ ሳታሰማ መልሳ ወደ ውስጥ የምትሰድ። በረከት እሷን አስነቀለና ዳምፕ ቫልቭ የሚባል፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚተፋ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር አስገጠመ። ከዚያ ወዲያ እግሩን ባነሳ ቁጥር መኪናዋ «ጵሽሽሽ» ትላለች።

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ቀን ጠየቅኩት።

«ጥቅሙ ምንድን ነው?»

«ድምፁ ነዋ ጋሼ።»

«ከድምፁ ሌላስ?»

«ጋሼ ደግሞ። ድምፁ አነሰ?»

ሱሪውን አሳጠርኩለት። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ጉዳት ግን ነበረው። አየሩ ወደ ውጭ ሲባክን ለሞተሩ የሚገባው ነዳጅ ይበዛበታል አሉ። ቀስ ስትል ትጠፋለች፤ አንዳንዴም በጭስ ማውጫዋ እንደ ጥይት ትጮኻለች። ጋራዥ ያሉት ልጆች የድሮውን መልስ ብለውታል። እሱ እቴ። ቆሞ ሲጠብቅ እንኳ እንዳትጠፋበት ነዳጅ እየረገጠ፣ እየለቀቀ፣ መንደሩን ሲያስፏጭ ይውላል። ጓደኞቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ያዳምጡታል። ጎልማሶች ናቸው፤ ሥራ ያላቸው። የመኪና ትንፋሽ ለመስማት ይሰለፋሉ።

ታዲያ ይህ ልጅ አንዲት ሴት ወደደ። ሠላማዊት ትባላለች፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስትማር የተዋወቁ ናቸው። ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አገሯ ወደ ጨለለቅቱ ተመልሳ ታስተምር ነበር። እሷም ትወደው ነበር፤ ይህን አልክድም። አባት ስለሌለው ሽማግሌ ሆኜ እንድጠይቅለት ለመነኝ። እኔና የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ ወደ አባቷ ወደ አቶ ዱካሌ እንድንሄድ ተስማማን።

በእኛ ወግ ጠያቂው ልጅ ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ መልስ ይጠብቃል። በረከት ግን «እኔ ሹፌር ነኝ፤ ውጭ ነው የምቆመው» አለ። ነገሩ ገብቶናል፤ መኪናዋ እንድትታይለት ነው። ሐጂ «እንግዲህ የሙሽራው ሚዜ ቆርቆሮ ነው» አሉና ገቡ። ጉልበታቸው አገጫቸውን ነካ።

በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌ አድርገን እያፏጨን ሄድን። ጨለለቅቱ ልንገባ ስንል መንገዱ ዳር ድንኳን ተተክሏል። ለቅሶ ነው። ሰዉ ሜዳውን ሞልቶታል።

በረከት ቴፑን አጠፋ፤ እግሩንም ከነዳጁ ላይ አነሳ። ልመስክርለት፤ ለአክብሮት ብሎ ነው ያነሳው። መኪናዋ ግን በዚያ ሁሉ ሐዘንተኛ ፊት «ጵሽሽሽ» አለች። ሰዉ ቀና አለ። ቀስ ስትል ደግሞ እንደ ልማዷ ጠፋች፤ ድንኳኑ በር ላይ። አስነሳት፣ ረገጠ፣ ለቀቀ፤ አሁንም «ጵሽሽሽ»። ሊሸሽ ብሎ አጥብቆ ሲረግጥ በጭስ ማውጫዋ ጮኸች። ሴቶቹ ተኩስ መስሏቸው ተነስተው ተበተኑ። አንዲት አሮጊት ስትሮጥ ወደቀች።

አንድ ጎልማሳ ዱላውን ይዞ መጣ። «በማን ላይ ነው የምትተፋው?» አለ።

ሐጂ በሩን ከፍተው ወረዱ።

«ለቅሶ ልንደርስ ነው የመጣነው» አሉት።

«ለማን?»

«ለሞተው ነዋ፣ ልጄ።»

ሰውየው ዱላውን ዝቅ አደረገ። አሮጊቷን ደግፌ አነሳኋትና ድንኳን ገብተን ተቀመጥን። በረከት ከኋላችን እንደ እርጥብ ዶሮ ተኮማትሮ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ረጅም፣ ሽበታም ሰው ከሐዘንተኞቹ መካከል ተነስቶ አጠገቤ መጣ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከዲላ።»

«ሟቿን ታውቋታላችሁ?»

ድንኳን ውስጥ መዋሸት አልሆነልኝም። «አናውቃትም፤ ነፍሷን ይማር። ለሌላ ጉዳይ ወደ አቶ ዱካሌ ቤት ስንሄድ ነው ያገኘናችሁ።»

«ዱካሌ እኔ ነኝ» አለ። «ሟቿ እህቴ ናት። ልጄን ያሳደገችልኝ።»

እንግዲህ እዚያ ላይ የጋብቻ ነገር አይነሳ። እሱ ግን ነጭ ጋቢዬን አየ፣ የሐጂን ጥምጥም አየ፣ ወደ በረከትም ዞሮ ተመለከተ። አልጠየቀም፤ ገብቶታል።

«ሐዘኑ ይብረድና ኑ» አለኝ በዝግታ። «ያንን የሚተፋውን ነገር ግን አታምጡብኝ።»

ጨዋ ሰው ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አልልም።

ስንመለስ በረከት እስከ ወናጎ ቃል አልተነፈሰም። መኪናዋ ተንፍሳለታለች። ተጸጽቶ ነው ብዬ ዝም አልኩት። ወናጎን እንዳለፍን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ገባኝ። ቫልቩ ዝቅ ያለ ዓይነት ስለሆነ ነው። በደንብ የሚሠራውን ባስገጥም አትጠፋም ነበር።»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጅቱ ያሳደገቻትን አክስቷን አጥታ ታለቅሳለች፤ ይሄ ቫልቭ ይመርጣል።

ወራት አለፉ። ሁለተኛ ለመሄድ ስንቀጣጠር «ያን ነገር ምን አደረግከው?» አልኩት። «ተስተካክሏል ጋሼ፣ አያስቡ» አለኝ። አመንኩት። ጠዋት መጥቶ ቤቴ ደጅ ላይ እግሩን ሲያነሳ ጎረቤት የታሰረው በግ ገመዱን በጥሶ ሄደ። የቀድሞው ካፏጨ ይሄኛው አጓራ። ከዱባይ በሰው አስመጥቶ ነው አሉ፤ ሁለት አፍ ያለው።

«አሁን አትጠፋም» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

ሐጂ «አንተ ታደለ፣ መናኸሪያው ወዴት ነው?» አሉኝ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁትን። በረከትን እቤትህ ጠብቅ ብለን በሚኒባስ ሄድን።

አቶ ዱካሌ በር ላይ ተቀበለን። ቁጭ በሉ ሲለን በወጉ መሠረት አንቀመጥም፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አልን። ቆመን ጠየቅን። አባቱን ጠራሁ፤ መልካም ሰው እንደነበር፣ የማንንም ቡና በሐሰት እንዳልመዘነ ተናገርኩ። አቶ ዱካሌ ስለ አባትየው ሰምቶ ኖሯል። ፊቱ ለሰለሰ።

«ያለፈው አለፈ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ። «ከእሷ አፍ ልስማና ትቀመጣላችሁ።»

ልጅቱ ተጠራች። ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም። እጅ ነሳችንና አባቷ አጠገብ ቆመች፤ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ነገር ነበር። አባቷ «እህ፣ ልጄ?» አላት።

አፏን ልትከፍት ስትል ከታች ከመንገዱ ያ ድምፅ እያጓራ መጣ። «ጵሽሽሽ።» ተከትሎን ኖሯል። ደግሞ ተጠጋ፣ ደግሞ ተነፈሰ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሠላማዊት ወደ መስኮቱ እንኳ አልሄደችም።

«የእሱ ነው?» አለችኝ።

«የእሱ ነው፣ ልጄ።»

«ከለቅሶው በኋላ ስልክ ደውዬ አስነቅለው ብዬው ነበር። ስለ አክስቴ ስትል ብዬው። ነቅዬ ጥዬዋለሁ ብሎ በአባቱ አፈር ማለልኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

አቶ ዱካሌ «ሰማችሁ» አለን። ሳንቀመጥ ወጣን። እስከ በር ሸኘን፤ ቡና እንኳ ሳትቀምሱ ሄዳችሁ ብሎ እሱ አፈረ።

በረከት መኪናዋን ተደግፎ ቆሟል። «ልመልሳችሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ምን አሉ?» አለ።

«አንተ ነህ የመለስክላቸው» አሉት ሐጂ፤ ወደ ሚኒባሱ ተራ በእግራቸው ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው። ከኋላችን ደጋግሞ ሲረግጥና ሲለቅ ይሰማኝ ነበር። ማልቀሱ ይሁን አላውቅም፤ ከሆነም በመኪና ነው ያለቀሰው።

ሠላማዊት ኋላ አግብታ ወልዳለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋላቸው ሰዎች ናቸው የነገሩኝ፤ ደስ ብሎኛል። በረከት ዛሬም ብቻውን ነው። ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ አባቱን ይመስላል፤ ይህ ብቻ ነው ከአባቱ የቀረው። በአባቱ አፈር በሐሰት ቢምልም ሰላምታዬን አልነሳውም፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን የምሰጠው የለኝም።

መኪናዋ ሞተሯ ነዶ ከተሸጠች ቆየች። ቫልቩን ግን ነቅሎ አስቀርቶታል። አባቱ የቡና ናሙና ይደረድርበት በነበረው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ በየጠዋቱ ይወለውለዋል። ሱቁን ሸቀጥ መሸጫ አድርጎታልና ባለፈው ክር ልገዛ ገብቼ አየሁት። ሁለቱን አፉን ከፍቶ ያብለጨልጫል። ትንፍሽ አይልም። ዝም ማለት ይችል ኖሯል።